ገጽ አርባ አንድ

መምህር አራጋው ጡረታ በወጡ ማግሥት የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ጀመሩ። አርባ ገጽ በአራት ወር አወረዱና ቀጥ አሉ። ይኸው ዓመት ሙሉ ጥፋቱን የሚያላክኩት በላፕቶፑ ላይ ነው። ፋይሉን በከፈቱት ቁጥር የሚመጣው የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ እዚያ ደግሞ የዘር ሐረጋቸው ተጽፏል። የመጽሐፉ ወሬ ሐይቅ ከተማን አዳርሶ፣ ዛሬ አንዱ ዘመድ «አያቴን ዘለልካቸው» ብሎ ይመጣል፤ ነገ ሌላው ከውጫሌ ደውሎ ይቆጣል። ስም ሲጨምሩ፣ ሲሰርዙ መሽቶ መግሪብ ይደርሳል።

ልጃቸው ሀያ ከጂዳ በተመለሰች በሳምንቷ ይህን አየች።

«አባዬ፣ በፈለግከው ገጽ እንዲከፈት ላድርግልህ።»

«ተይው። መጽሐፍ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ነው።»

«እሱ ለአንባቢ ነው። አንተ ጸሐፊው ነህ።»

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ መጨረሻው ገጽ ላይ ዕልባት አኖረች፤ ፋይሉ ሲከፈት በቀጥታ እዚያ የሚያደርስ ትንሽ ትዕዛዝም ጻፈችላቸው።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መምህሩ ሲከፍቱት ገጽ አርባ አንድ መጣ። ከዓመት በፊት የጻፏት አንዲት መስመር አለች፦ «ሀያ ወደ ጂዳ የሄደች ዕለት»። ከዚያ ወዲያ አልቀጠሉም። ያን ሁሉ ጊዜ በአያቶቻቸው ስም የተከለሉት ከዚህች መስመር ነበር።

ግርጌው ላይ ግን እሳቸው ያልጻፉት ነገር ነበር፦ «ተመልሻለሁ፣ አባዬ። አሁን ጻፈው።»

ሊሰርዙት ጣታቸውን አነሱና ተዉት። መነጽራቸውን ጠርገው ከበላዩ መጻፍ ጀመሩ፤ የምዕራፉ መጨረሻ ተገኝቷልና።