አያት ማጫወት፣ ዐሥር ብር

አያ አለነ ሲዋሽ ዝንብ እንኳ መብረሯን ትታ ታዳምጠዋለች ይባላል። ዳሌው ተሰብሮ ከአይከል ወደ ከተማው ማራኪ ሰፈር፣ ልጁ የትነበርሽ ቤት፣ በቃሬዛ ካመጡት ወዲህ እግሩ ቢያርፍ ምላሱ አላረፈም። አይከል ገበያ ያወጣት በቅሎ ገዥውን ራሷ ተከራክራ ሁለት መቶ ብር አስጨመረችው። ያላመነ በቅሎዋን ይጠይቅ።

አድማጩ የዐሥር ዓመት የልጅ ልጁ ፅዮን ናት። ከትምህርት ቤት ስትገባ ውሃ ታቀርብለታለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፣ የእናቷን አሮጌ ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ «እሺ አባባ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ «እኔስ ስሞት የሚያለቅስልኝ አገኘሁ» ይላል። በዕድሜው ከተናገረው ሁሉ ውሸት ያልሆነው ይህ ብቻ መሰለው።

አንድ ማክሰኞ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። መንገድ ተዘጋ፤ ኢንተርኔቱም ጠፋ። ነርሷ የትነበርሽ ሆስፒታል እንደገባች ቀረች። የስልክ ጥሪው አልተቋረጠምና ደውላ አባቷን አደራ ስትል፣ ፅዮን እሺ አለቻት።

ያን ቀን ግን ልጅቷ ወደ ክፍሉ አልዘለቀችም። ሲጠራት ከሳሎን «መጣሁ» ትላለች፤ አትመጣም። አያ አለነ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ አደረ። ረቡዕ በበሩ ስታልፍ ጠርቶ አስቆማት።

«ምነው ልጄ፣ ውሃ የለም?»

«ኔትወርክ የለም፣ አባባ።»

ውሃውም በኔትወርክ መምጣት ጀመረ እንዴ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። እሷ አልሳቀችም። ነገር ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዱት አስረዳችው። እማዬ፣ ልጅ የገንዘብን ነገር ከአሁኑ ይልመድ ብላ ስልኩ ላይ አፕ ጭናለች። ፅዮን ሥራ ስትጨርስ ትነካዋለች፣ እማዬ ከሆስፒታል ታጸድቃለች፣ ብሩ ይገባል። ውሃ ማጠጣት አምስት ነው። ትራስ ሦስት። አሁን ቢሠራ ማን ያጸድቀዋል?

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረበት። አላስቻለውም።

«ጨዋታችንስ?»

«አያት ማጫወት? እሱ ዐሥር ነው» አለችው፤ «ረጅም ስለሆነ።»

ሐሙስ ቀትር ላይ የትነበርሽ እንቅልፍ እያዳፋት ገባች። የአባቷን ከንፈር ተሰነጣጥቆ ስታይ ደነገጠችና፣ ውሃ በማንኪያ እያጠጣች ልጅቷ ምን እያደረገች እንደነበር ጠየቀችው። ፅዮን በሩን ተደግፋ ቆማለች። አያ አለነ ተመለከታት። እውነቱን ቢያወጣው ልጅቷ በቀበቶ ትገረፋለች፤ ውርደቱ ግን የእሱው ነው።

«እሷማ ስታጠጣኝ ነው የሰነበተች። በሽታው ነው ያደረቀኝ።»

የትነበርሽ እፎይ ብላ ልጇን ሳመቻት፤ ኔትወርክ ሲመለስ የሁሉም ሥራዋ ብር እንደሚጸድቅላት ነገረቻት።

ኔትወርኩ ሲመለስ የትነበርሽ ሥራ ላይ ነበረች። ፅዮን ብርጭቆውን ሞልታ እየሮጠች መጣች፤ ከደጃፍ ጀምራ ትስቃለች።

«ጠጣ፣ አባባ።»

«አልጠማኝም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፅዮን ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ውሃውን በመስኮት ደፋችና ስልኩን ነካችው።

የትነበርሽ ከሆስፒታል አጸደቀች።