አንዱን ካየህ

ጉሮሮውን ለተናደደ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ብዙ የለም። የወገን ማኅበሩ ሰብሳቢ ግን ሐሙስ ጠዋት ያደረገው ይህንኑ ነው። ፀጉር ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ ታሰረለት፣ አገጩ አረፋ ተቀባ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «የመካኒኩን ነገር ከእሁዱ ግጥም ታወጣዋለህ» አለ።

የፀጉር አስተካካዩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሰፈሩ «ምላጭ» ነው የሚለው። ቀን ጢም ይላጫል፣ ከሥራ መልስ ራፕ ያደርጋል፤ ስሙም ለሁለቱም ሥራው ይበቃዋል። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ በከተማው ሂፕ ሆፕ የሚሰማ ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል።

«ለምን?» አለ ምላጭ።

«አይመጥንማ! እሁድ ሕዝቡ ሜዳ የሚወጣው ለወንድምህ ነው። እዚያ መሀል የነሱን ሰው ስታመሰግን ነገሩ ይቀዘቅዛል።»

«የነሱ ሰው አይደለም። የወንድሜ ጓደኛ ነው።»

«መልኩስ?»

ምላጭ ጥርሱን ነክሶ መላጨቱን ቀጠለ። ሥራ ሥራ ነው፤ ግማሽ ፊቱን ላጭተው ሰው አያባርሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምላጭ ታላቅ ወንድም የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የመናኸሪያው ዘበኛ አውቶቡሱን ከበር አላስወጣም አለው። ተነጋገሩ፣ ተሰዳደቡ፣ ዘበኛው የቆዳውን ቀለም ጠርቶ ሰደበውና በቆመጥ ጭንቅላቱን መታው። ዘበኛው ከነዚያኛዎቹ ነው፣ ሾፌሩ ከነዚህኛዎቹ። በዚህ ከተማ ይህን ያወቀ ሰው ሌላ ነገር ለማወቅ አይደክምም። ሾፌሩን ከመሬት አንስቶ፣ አዝሎ፣ ሆስፒታል ያደረሰው ግን አስራ አንድ ዓመት አውቶቡሱን ሲጠግንለት የኖረው መካኒክ ነው። መካኒኩ ደግሞ በመልኩ ከዘበኛው ወገን ነው። ወሬውን ሰምቶ ሆስፒታሉ በር ላይ የተሰበሰበው የነሾፌሩ ወገን፣ በደም የራሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሲወጣ አየ። ደሙ የማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ መልኩን አየ፣ በቃው። እጁን በብረት ሰበሩት። ሲሰብሩት ይዘፍኑ ነበር። የዘፈኑትም የምላጭን ዘፈን ነው። ሾፌሩ በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ያን ዘፈን ምላጭ የጻፈው በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ አከራይ፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ መልኩን አይቶ በሩን ፊቱ ላይ ጠረቀመበት። በደሉ እውነት ነው፣ ንዴቱም ልክ ነው። ምላጭ ግን ስለዚያ ሰውዬ አልጻፈም። ስለ አከራዩ ወፍራም አንገት፣ አፉን ሞልቶ «ተይዟል» ብሎ ስለ መዋሸቱ ቢጽፍ ኖሮ አንድ ሰው ያፍር ነበር። እሱ የአንዱን ነውር ለመላው ወገን አከፋፈለና አዝማቹን «አንዱን ካየህ፣ ሁሉን አየህ» አለው። ከተማው አበደ። ታክሲ ውስጥ አንዱን ካየህ፣ ሠርግ ላይ አንዱን ካየህ። አንዱን ብታይ ያየኸው አንዱን ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! ግን ይህን ለማለት ሞቅ ያለ ዜማ ያስፈልጋል፣ ምላጭም ያኔ ዜማውን ለውሸቱ ሰጥቶት ነበር።

ሰብሳቢው ተላጭቶ ሲወጣ መስተዋቱ ጎን የእሁዱን ፖስተር ለጥፎ ሄደ። የሾፌሩ ፎቶ ነው፣ ከሥሩ በቀይ «ሁላችንም እሱ ነን» ይላል። ምላጭ ቀረብ ብሎ አየው። የወንድሙ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች አሉ፤ ባለቤታቸው የለም። ፎቶው ጋራዥ ውስጥ የተነሳ ነው፣ ጎኑ የቆመው መካኒክ ተቆርጦ ወጥቷል። ጣቶቹን መቁረጥ ግን ትከሻውን መቁረጥ ስለሆነባቸው ትተዋቸዋል። የምላጭ ቆሽቱ አረረ።

ፖስተሩን ገንጥሎ ቤት ወሰደው። እናቱ መነፅሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?» አለች።

«እማዬ፣ እሱ'ኮ ነው።»

«የኔ ልጅ ጥርሱ ፍንጭት ነው። ፍንጭቱን የት አደረጉት?»

እውነቷን ነው። በኮምፒውተር ደፍነውታል። ፍንጭት ያለው ሰው ሲስቅ የሚያስቅ ስለሚመስል፣ ለሰልፍ አይሆንም ብለው ይሆናል።

«አንድም ቀን ማኅበራቸው ደጅ አልደረሰም» አለች እናትየው። «ና ሲሉት ራሴን አመመኝ ይላል። እናንተም እንደ ዘበኛው ቀለሜን ነው የምትጠሩት፣ ልዩነታችሁ እናንተ ስትጠሩት ፈገግ ማለታችሁ ነው ይላቸው ነበር። ሲሞትላቸው የነሱ ሆነ?»

ምላጭ ፖስተሩን አጣጥፎ አስቀመጠ። ወንድሙ ያን ዘፈን እንኳ ወዶለት አያውቅም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ራዲዮው ሲከፍተው ይቀንሰዋል። እራት ላይ የሚያወራው ስለ መካኒኩ ነበር፤ እንዴት ቡሎን እንደሚፈታ፣ ከመኪና ሥር ሆኖ ምን ምን እያለ እንደሚሳደብ፣ እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ። ምላጭ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ቢት፣ የራፕ ምት፣ እየሰማ እሺ እሺ ይል ነበር።

መካኒኩን ሄዶ አልጠየቀውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሩ ወደዚያ ሲያመራ ልቡ ይመለሳል። በምን ፊቱ? ባዶ እጁን ከሚሄድ ግጥሙን ይዞ ቢሄድ ይሻላል ብሎ ወሰነ። እሁድ በሕዝብ ፊት ይለዋል፣ ከዚያ በሩን ያንኳኳል።

ዓርብ ከሰዓት ስቱዲዮ ገባ። ስቱዲዮ ሲባል ግድግዳው ላይ ፍራሽ የተለጠፈበት ምድር ቤት ነው። ባለ ስቱዲዮው ቢቱን ከፈተለት፣ ምላጭ ማይኩ ፊት ቆሞ ወረቀት ሳይዝ ጀመረ። ልማዱ ነው፤ አይጽፍም፣ ቃሉ ከንዴቱ ጋር አብሮ እስኪመጣ እየደጋገመ ይለዋል። የመጨረሻዋ መስመር እምቢ አለችው። አስር ጊዜ ሞከረ። በአስራ አንደኛው መጣች፣ ስትመጣም ከበሮው ላይ ልክ ቁጭ አለች፤ ራሱ ምላጭ በደስታ ግድግዳውን መታው።

«ቀኙ ነው እንዴ የተሰበረው?» አለ ባለ ስቱዲዮው ማዳመጫውን አውርዶ።

«እኔ እንጃ። ምን ለውጥ አለው? ቤት መታ አይደል?»

«ሰብሳቢውስ? ይኼን ስንኝ አውጣ ብሎኛል። እኔን ችግር ውስጥ እንዳትከተኝ።»

«ስንኙ ከወጣ እኔም የለሁም!»

ባለ ስቱዲዮው ትከሻውን ሰብቆ እንዳለ ቀዳው።

እሁድ ኳስ ሜዳው እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። የወንድሙ ፊት በሺህ ፖስተር ላይ፣ ፍንጭቱ ተደፍኖ፣ ትከሻው ላይ የሰው ጣት ተጥዶበት ይወዛወዛል። እናቱን ፊት ለፊት አስቀምጠዋታል። ሰብሳቢው እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ተናገረ፤ ስለ ሾፌሩ ግን ስሙን ከመጥራት በቀር አንድ ነገር አላለም። ምን ያውቃል! ምላጭ መድረኩ ላይ ሲወጣ ማንም ሳያዝዘው ሜዳው በአንድ ድምፅ ጀመረ። አንዱን ካየህ! ሁሉን አየህ!

ምላጭ ማይኩን አነሳ። መካኒኩ ሆስፒታሉ በር ላይ የሰማው ይህንኑ ነው፣ በዚሁ ድምፅ።

«ዝም በሉ!» አለ በማይኩ። «ዝም በሉ አልኩ! ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው። የበደለኝ አንድ ሰው ነበር፣ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ሕዝብ አደረግኩት። እናንተም በዘፈኔ የሰው እጅ ሰበራችሁበት!»

ቢቱ እስኪከፈት አልጠበቀም፣ በባዶ ድምፁ ጀመረው።

የመታው አንድ ሰው፣ ቆመጡ በእጁ ነው፣
ሕዝብ አትበሉብኝ፣ ስም ያለው እሱ ነው።
የተሸከመውም አንድ ሰው ብቻ ነው፣
በደም የራሰውን ወንድሜን ያዘለው።
በር ላይ ቆማችሁ እሱን ስታገኙ፣
በኔ ዜማ ታጅቦ ተሰበረ ቀኙ።

የመጨረሻዋን መስመር ሲላት ማይኩ ሞቶ ነበር፤ ሰብሳቢው አስጠፍቶታል። ምላጭ በጉሮሮው ደገማት፣ የፊቱ ረድፍ ሁሉ ሰማት። ከዚያ ነገር ዓለሙ ተገለባበጠ። ፉጨት፣ ስድብ፣ የውሃ ጠርሙስ፤ አንዱ ጫማውን አውልቆ ወረወረና የምላጭን ግንባር አገኘው። ሰብሳቢው ክንዱን ይዞ ጎተተው።

«ወንድምህን ሸጥከው! ወገንህን ከዳህ!»

«ወገኔ ማነው? ፎቶ የሚቆራርጠው ነው?»

እናትየው ብድግ አለች። ሁሉም ለልጇ ልታለቅስ መስሎት መንገድ ለቀቀላት። እሷ መድረኩ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ፖስተር በሁለት እጇ ያዘችና ሰብሳቢው ላይ ጮኸች።

«የልጄን ጥርስ መልስ! አንተን ነው! የልጄን ጥርስ መልስ!»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለባበጠ። ለዚህ የተዘጋጀ ንግግር አልነበረውም። ምላጭ እናቱን አቅፎ በኋላ በር አወጣት፤ ግንባሩ እየደማ እንኳ ደረቱ ሙሉ ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ እውነት ተናግሯል። እናቱን ቤት አድርሶ በዚያው ደረቱ ወደ መካኒኩ ቤት ሄደ።

ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ አንኳኳ። የመካኒኩ ሚስት ከፈተች፣ ግንባሩን አየች፣ ማንነቱንም አወቀች።

«አሁን ነው የምትመጣው?» አለችው። ግባ አላለችውም፣ ከበሩ ግን ዞር አለች።

መካኒኩ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል። ግራ እጁ ከጣቶቹ ሥር እስከ ትከሻው ጀሶ ነው። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ የሞተር ክዳን አለ፣ በቀኝ እጁ መፍቻ ይዞ አንድ ቡሎን ሊፈታ ይታገላል። መፍቻው ይንሸራተታል፣ እንደገና ያስገባዋል፣ ይንሸራተታል። ግድግዳው ላይ ያ ፎቶ ሳይቆረጥ ተሰቅሏል። ሾፌሩ ፍንጭቱን አውጥቶ ይስቃል፤ መካኒኩ ቀኝ እጁን ትከሻው ላይ ጥሏል፣ በግራው መፍቻ ከፍ አድርጎ ይዟል።

ምላጭ ፎቶውን አየ፣ ጀሶውን አየ። ደረቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወረደ።

«ሰማሁት» አለ መካኒኩ ቀና ሳይል። «ባለቤቴ በስልኳ አሰማችኝ። ደፋር ነህ። ቀኙ ነው ያልከው።»

«ቤት እንዲመታ...» አለ ምላጭ።

«እጄ'ኮ ነው።»

መካኒኩ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሚስትየው ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች።

«የኔ ሥራ በግራ ነው። ጋራዡ ያውቃል፣ መናኸሪያው ያውቃል። ወንድምህ አስራ አንድ ዓመት ሲጨብጠኝ ግራውን ነው የሚሰጠኝ፤ አንተ ግራህን ካልጨበጡህ ሰላም የተባልክ አይመስልህም እያለ ይስቅብኛል። አልነገረህም?»

ነግሮታል። እራት ላይ ስንት ጊዜ ነግሮታል።

«ሐኪሙ እንደ ድሮው አይሆንም ብሎኛል። እንግዲህ በዚህኛው እለምዳለሁ።» ቀኝ እጁን አንስቶ እንደ ባዕድ ዕቃ አየው። «የሰበሩኝ አላዩኝም። መልኬን አይተው ሰበሩ። አንተ ተቆጣህልኝ፣ ጫማ ተወረወረብህ፣ ግፍ አልናገርም፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። ግን አንተም አላየኸኝም። አንድ ሰው ነው ብለህ ሜዳ ሙሉ ሰው ላይ ጮህክ፣ ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ግን መጥተህ አልጠየቅክም።»

«ይቅርታ» አለ ምላጭ።

«ሁለተኛ ስለኔ ልትናገር ከሆነ፣ መጀመሪያ መጥተህ እየኝ።»

መፍቻውን አነሳና ቡሎኑ ላይ መልሶ አስገባው። ተንሸራተተ። ምላጭ ላግዝህ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፣ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። ደህና ዋል ብሎ ወጣ። በሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ ቢጠረቀም ይሻለው ነበር።

ደረጃው መሀል ላይ እግሩ ቆመ። በራሱ ላይ የነደደው ንዴት ከሰብሳቢውም፣ ከአከራዩም፣ ከዘበኛውም ይብስ ነበር። ሳይፈልግ፣ እንደ ልማዱ፣ አፉ መስመሯን እየደጋገመ ያላት ጀመር። በኔ ዜማ ታጅቦ ተሰበረ ግራው። ቀጣዩ መስመር አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስቸግር ራሱ መጣ። ዕድሜውን ያኖረው፣ ያ የእጁ ሥራው።

ግራው፣ ሥራው። ቤት ይመታ ነበር።