ነጎድጓድ ከፊት ወንበር

ዘፋኟ በዚያ ዓመት የሠራችው ትልቁ ስህተት ጨዋ መሆኗ ነበር።

ሥራዋ ምድር ቤት ባለ አንድ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ በፒያኖ ታጅባ ለስለስ ያሉ ዘፈኖችን መዝፈን ነው። ጥቁር ቀሚስ፣ ጠባብ መድረክ፣ በየጠረጴዛው ላይ ትንንሽ መብራት። ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ እሷ ደግሞ በዘፈንና በዘፈን መሀል ጨዋታ ጣል እያደረገች ታስቀዋለች፣ ሲያሰኛትም ታስለቅሰዋለች። በዚህ ሙያ ጸጉሯ ሽበት እስኪያወጣ ቆይታለች። ታዲያ አንድ ቀን ለፒያኖ ተጫዋቹ፣ «ልጅ ሆኜ ያሳበዱኝን የነጎድጓድን ዘፈኖች ለምን በእኛ መንገድ አንሠራቸውም?» አለችው። እሱ ብዙ የማይናገር ሰው ነውና መልሱን በጣቱ ሰጣት፤ አንዱን ዘፈን ቀስ አድርጎ ተጫወተው። ያ ሁሉ የጊታር ጩኸት ሲወልቅለት ከሥሩ የሚያባባ ዜማ ወጣ። በዚያው ተስማሙ።

ነጎድጓድ ለሰውየው በጉርምስናው የወጣለት ስም ነው። የሮክ ዘፈን ደራሲ ነበር፤ ጽፎ ራሱ እየጮኸ ይዘፍነዋል። ከዚያ ጉሮሮውም ዘመኑም አለፈና ቤቱ ገባ። ብዙ ሰው የሞተ ይመስለዋል። ዘፋኟ ዝም ብላ ሥራዋን ብትጀምር ማንም ምንም አይላትም ነበር። ግን ጨዋ ናትና ስልኩን አፈላልጋ ደወለችለት፤ ፈቃዱን ጠየቀች።

«ደስ ይለኛል፣ አንቺ ልጅ» አላት፤ እሷ ልጅ ድራ የጨረሰች ሴት መሆኗን ከየት ያውቃል። «ልምምዱ መቼ ነው?»

ልምምድ ና ያለው ሰው አልነበረም። እሱ ግን በማግስቱ ጠዋት፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ፣ ወለሉ ተወልውሎ ገና ሳይደርቅ፣ ከች አለ። ሆዱ ላይ አልዘጋ ያለ የቆዳ ጃኬት ለብሷል። አንድ ወንበር አወረደና መድረኩ አፍንጫ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀርቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የተነሳው «የነጎድጓድ መታሰቢያ» በሚለው ማስታወቂያ ላይ ነው። «መታሰቢያ የሚደረገው ለሞተ ሰው ነው» አለ። ቃሉ «ምስጋና» ተብሎ ተቀየረ። «ጡረታ የወጣ የቢሮ ጸሐፊ አስመሰላችሁኝ» አለ። በመጨረሻ «የነጎድጓድ ዘፈኖች» ብቻ ተብሎ ታተመ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፊደሉ አነሰው።

ቀጥሎ ወደ ዘፈኖቹ ዞረ። ዘፋኟ ገና ሁለት ስንኝ ሳትል እጁን ያወጣል።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ፣ ጋሼ?»

«እዚያ ጋ መጮህ አለብሽ።»

«እኔ አልጮህም። ጩኸት የሚፈልግ የድሮውን ካሴት ይስማ።»

«ሮክ እኮ ነው።»

«ነበር።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የጻፉትማ እርስዎ ነዎት። አሁን ልዝፈነው?»

ይህን ጊዜ ፒያኖ ተጫዋቹ እጁን ያነሳና መነጽሩን መጥረግ ይጀምራል። በዚያ ሰሞን እንደ እሱ መነጽር የጠራ ነገር በከተማው አልነበረም።

ዘፋኟ ቤቷ ገብታ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ከሰውየው ጋር ስትከራከር ራሷን ታገኘዋለች። ባሏ ከሳሎን፣ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላታል።

«ከነጎድጓድ ጋር።»

«ሰውየው አልሞተም እንዴ?»

«የት አባቱ ይሞታል» ትላለች፣ ሽንኩርቱን እየደቆሰችው።

ከሁሉ የባሰባት ግን የአንዱ ዘፈን ነገር ነው። «የብረት በር» ይባላል። ነጎድጓድን ነጎድጓድ ያሰኘው እሱ ነው፤ ሌላውን ዘፈኑን የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን ያውቀዋል። አንድ ወጣት ከቤት ስላባረረችው ሴት የሚያለቅስና የሚራገም ዘፈን ነው፦

ዳቦ የቆረሰልኝ እጅ በር ዘጋብኝ በክረምት፣
ልብሽ የብረት በር ነው፣ ቁልፍ የሌለበት።

ነጎድጓድ ይህ ዘፈን ከዝግጅቱ ይውጣልኝ አለ። ሰኞ የተሰለቸ ስለሆነ ነው አለ። ማክሰኞ ለሴት ድምፅ አይሆንም አለ። ሐሙስ ደግሞ ስንኙ ድሮም አልጣመኝም ብሎ አረፈው። ዘፋኟ ማይኩን አስቀምጣ ከመድረክ ወረደችና ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ እውነተኛውን ምክንያት ይንገሩኝና ላውጣው። አለዚያ ይተዉኝ።»

«ያው ነግሬሻለሁ» አለ፤ ጃኬቱን ይዞም ወጣ። እሷም ዘፈኑን ሳታወጣ ቀረች።

ዝግጅቱ የቀረበው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ክበቡ ግጥም ብሎ ሞላ። ዘፋኟ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስታጮልቅ ነጎድጓድ የአንዲት አሮጊትን ክንድ ይዞ ሲገባ አየች። አጠር ያሉ፣ ከዘራ የያዙ፣ አካሄዳቸው ግን ቆፍጠን ያለ ሴት ናቸው። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና እየተጣደፈ ወደ ጓዳ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«ያችን ዘፈን ዝለያት» አላት በሹክሹክታ።

«አሁን? ሰዉ ከተቀመጠ በኋላ?»

«እህቴ ናት። ታላቄ። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዘፈኑ ስለ እሷ ነው። አታውቅም።»

ዘፋኟ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ክርክር በአንድ አረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። «ታዲያ ለምን ይዘዋቸው መጡ?»

«ማስታወቂያውን አይታ ካልወሰድከኝ አለችኝ። እምቢ ልበላት?»

አንጀቷ ቢያርም አዘነችለት። ለፒያኖ ተጫዋቹ ያ ዘፈን እንደቀረ ነገረችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ዝግጅቱ ያለ እንከን ሄደ። ሰዉ ሳቀ፣ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። ነጎድጓድ አንዴም እጁን አላወጣም። የመጨረሻውን ዘፈን ጨርሳ እጅ ስትነሳ ግን ከኋላ አንዱ «የብረት በርስ?» አለ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ቤቱ በሙሉ «የብረት በር» እያለ ጠረጴዛ ይደበድብ ጀመር። ዘፋኟ ፈገግ ብላ፣ «እሱን ዛሬ አልተዘጋጀንበትም» ልትል ስትል አሮጊቷ ከዘራቸውን አነሱ። ሰዉ ዝም አለ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያቺ ስለ እኔ የተዘፈነችውን የማትዘፍኚው ለምንድን ነው?»

ነጎድጓድ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «እትዬ፣ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ደንቆሮ መሰልኩህ? በየታክሲው፣ በየዳቦ ቤቱ ስሰማት ነው የኖርኩት።» ወደ መድረኩ ዞሩ። «በሩን ዘግቼበታለሁ፣ እውነት ነው። ጊታሩን ይዞ ጎረቤት አላስተኛ ስላለ ነው። ግን ክረምት አልነበረም። ወበቅ ነበር፤ እኔ ራሴ መስኮት ከፍቼ ነው የተኛሁት።»

«እትዬ፣ ቤት እንዲመታልኝ ብዬ ነው።»

«ቤት እንዲመታልህ ብለህ እኔን በአገር ፊት አረመኔ አደረግኸኝ።»

ሰዉ ሊስቅ ፈልጎ ሳቁን ዋጠ፤ የአሮጊቷ ድምፅ መጨረሻው ላይ ተሰብሮ ነበር። «ዘፈኑ አልከፋኝም» አሉ ዝቅ ብለው። «እሑድ እሑድ እየመጣህ ምሳዬን ስትበላ አንድ ቀን እንኳ 'ስለ አንቺ ነው' አላልከኝም። እሱ ነው የከፋኝ።»

ዘፋኟ ማይኩን እንደያዘች ከሁለቱ ፊት ቆማ ነጎድጓድን ጠበቀችው። ሳምንቱን ሙሉ ሲናገር የከረመ ሰው አሁን ጫማውን ያያል።

«ጋሼ» አለች፣ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «አንድ ነገር ይበሉ። አለዚያ ልዘፍነው ነው።»

«ዝፈኚው» አለ።

ፒያኖ ተጫዋቹ ጀመረ። ዘፋኟ ቀስ ብላ፣ ለአንዲት ሴት ብቻ እንደምታወራ ሆና ዘፈነችው። ያ እርግማን ሲባል የኖረ ዘፈን በር ላይ ቆሞ ክፈችልኝ የሚል የልጅ ልመና ሆነ። አሮጊቷ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው አዳመጡ። ነጎድጓድ ግን እስኪያልቅ አልቆየም፤ ተነስቶ ወጣ።

በኋላ ዘፋኟ የልብስ መቀየሪያ ክፍሏ ስትገባ እዚያ አገኘችው። ከቤት ለብሳ በመጣችው ቀሚስ ላይ ተቀምጧል።

«እንደዚያ ነበር የጻፍኩት» አላት ቀና ሳይል። «ጩኸቱ የመጣው በኋላ ነው። ስጮህ ማንም ምን እንደምል አይለይም ነበር።»

«ይህን ለእኔ አይንገሩኝ፣ ጋሼ። እሳቸው ደረጃው ላይ ቆመው እየጠበቁዎት ነው። ደግሞም ከቀሚሴ ላይ ይነሱልኝ።»

ተነሳ። ሁለቱ ደረጃውን ሲወጡ የአሮጊቷ ድምፅ እስከ ታች ይሰማ ነበር፤ የእሱ ግን አልተሰማም።

ዝግጅቱ ስለተወደደ በየሳምንቱ ቅዳሜ እንዲቀጥል ተደረገ። ነጎድጓድ ልምምድ ላይ ድርሽ ሳይል ቀረ። ዘፋኟ መጀመሪያ ተገላገልኩ አለች፤ ውሎ ሲያድር ግን አላስቻላትም። በሦስተኛው ሳምንት አሮጊቷን ብቻቸውን ተቀምጠው ስታያቸው ከመድረክ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ወንድምዎ ደህና ናቸው? ተናገሩ እንዴ በመጨረሻ?»

አሮጊቷ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ተናገረ። ሲናገር አደረ። ይቅር ብዬሃለሁ ብለው አይሰማም። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ እንደገና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ የመጀመሪያው በደንብ አልወጣልኝም ብሎ። ዛሬም ሊመጣ ሲል ነው አምልጬው የወጣሁት።»

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች ዘፋኟ፤ የአሮጊቷን እጅ ይዛም ወደ መድረክ እስኪጠሯት ድረስ አብራቸው ተቀመጠች።