በግራ እጅ የተጻፈ ጸሎት

ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ላይ አላላክክም። የሰፈራችን ኅብረት ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ እኔ ቤት፣ ልብስ የምሰፋበት ክፍል ውስጥ ነው የሚሰበሰበው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰዉን በየሰፈሩ ስትመድብ እኛ መንገድ ላይ ሰባት ሆንን፤ መሪዋ ደግሞ እኔ። ለምን እኔ? አፍ ስላለኝ ነዋ!

ሁለት ዓመት ሙሉ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ስል መልሱ አንድ ነበር፤ "ለጤናና ለሰላም።" ግንበኛው ሚስቱን በቀበረ በሳምንቱ መጥቶ "ለጤናና ለሰላም" አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃዋ ተበላሽቶ ሥራ ፈትታ ስትንገላታ ከርማ፣ እሷም "ለጤናና ለሰላም"። ኧረ ምን ጉድ ነው! ደሜ ፈላ። አንድ ማክሰኞ የልብስ ንድፍ ከምስልበት ወረቀት ሰባት ቁራጭ ቆረጥኩና አደልኳቸው። ስም የለም። የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅ ሁሉም በግራ እጁ ይጽፋል፤ አጣጥፎ የክር ቅርጫቴ ውስጥ ይጨምራል፤ ከዚያ አንድ አንድ እናወጣና የደረሰንን ይዘን ሳምንቱን እንጸልይበታለን።

"የማን ነው ብሎ መጠየቅ የለም" አልኩ። "ያነበባችሁትን ለባልም ለሚስትም አትተነፍሱም።" ይህን ስል ባሌን በጎሪጥ አየሁት። በር አጠገብ ወንበር ይደረድር ነበር። "እሺ" አለ። እሱ መቼም ሁሌ እሺ ነው።

የዳቦ ጋጋሪዋ እናት እማማ ግን አጉረመረሙ። "በቀኜ መጻፍ የማልችል ሴትዮ በግራዬ ልጽፍ ነው?" አሉ። ልጃቸው ጆሮዋን እያቀረበች ጻፈችላቸው፤ ሳቅንም። ነገሩ ግን ሠራ። ሰዎች እንደ ሕፃን በተንጋደደ ፊደል እውነታቸውን መጻፍ ጀመሩ። መጋቢያችን ሰምቶ "ለሌሎቹ ሰፈሮችም አስተምሪልን" ሲለኝ፣ አልዋሻችሁም፣ ተኮፈስኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ የደረሰኝን ገለጥኩ።

"ከቅዳሜ በኋላ በሕይወት አልኖርም። ውሳኔዬን ለማስለወጥ አትጸልዩ። የምተዋቸው ሰዎች ቶሎ እንዲረሱኝ ጸልዩልኝ።"

 ቀና ስል ሁሉም የመዝጊያውን መዝሙር ይዘምራሉ። የጻፈው ከነዚህ አንዱ ነው። ግንበኛው ዓይኑን ጨፍኗል። ጡረታ የወጡት መምህርት ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል። ነርሷ ጣራ ጣራ ታያለች። ዳቦ ጋጋሪዋ እናቷን ደግፋ ታጨበጭባለች። እኔም ወረቀቱን ደብቄ አጨበጨብኩ።

ሲበተኑ ባሌ ፊቴን አየና "ምን ሆነሻል?" አለኝ።

"የኅብረት ጉዳይ ነው፤ አንተ አትግባበት።"

"እሺ" አለና ወንበሮቹን ይሰበስብ ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት ለመጋቢው ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ልበለው? ያ የተመካሁበት ወረቀት ሰው ገደለ ልበል? ደንቡን ራሴ አፍርሼ ነገ ማን ያምነኛል? ራሴ ፈልጌ አገኘዋለሁ ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩት። ለዚህች ኩራቴ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። ቅዳሜ ደግሞ የወለደች ልጄን ልጠይቅ ወደ ሌላ ከተማ ለሁለት ሳምንት መንገደኛ ነኝ፤ ሻንጣዬ ግማሹ ታጭቋል። ያለኝ ሦስት ቀን ነው።

መጀመሪያ ግንበኛው ጋ ሄድኩ። የሚስት ሐዘን ያለበት እሱ ነው ብዬ ነዋ። ከሦስተኛ ፎቅ አንገቱን አውጥቶ ሲያየኝ "ና ውረድ!" ብዬ ጮህኩ። እየሮጠ ወረደ።

"ማን ሞተ?" አለኝ፤ ፊቱ ሲሚንቶ ለብሷል።

"ማንም አልሞተም! ሱሪ ልሰፋልህ ነው፤ ቁም ልለካህ።" ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር የወጣሁት። ወገቡን እየለካሁ "ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?" አልኩት።

"የጣራውን ሶሌታ ኮንክሪት እንሞላለን። ቀኑን ሙሉ እላይ ነኝ።"

እላይ!  "አትውጣ!" አልኩ ሳላስበው።

"እትዬ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። ከዚያ ሳቀና የእሁዱን ነገረኝ፤ እህቱ ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው፣ አልጋ እየሠራላቸው ነው። የልጆቹን ቁመት በእጁ እያሳየኝ ያወራል። እሱን ተውኩት፤ መንገድ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት።

ቤት ስገባ ባሌ የስፌት መኪናዬን ፈቶ ዘይት ይቀባል። ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቶ፣ የማተሚያው መኪና በአዲስ ሲተካ እሱንም በጡረታ ሸኙት፤ ከዚያ ወዲህ እጁ ሥራ አጥቷል። መቀሶቼን ሁሉ ስሏቸዋል። "ነይማ" አለኝ፣ "የመብራት ቆጣሪው ሲዘጋ እንዴት እንደሚመለስ ላሳይሽ።"

"እኔ ለምኔ? አንተ የት ልትሄድ ነው?"

"ለምናልባቱ ነው።"

"ምናልባትህን ያዝልኝ፤ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው!" ብዬ አልፌው ገባሁ።

ሐሙስ ዳቦ ቤት ሄድኩ። እናትና ልጅ ዱቄት ለብሰው ይጨቃጨቃሉ፤ እማማ ጨው በዛ፣ ልጅቷ አልበዛም። እንዲህ የሚጨቃጨቅ ሰው ቶሎ ይረሱኝ አይልም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ነርሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ሄድኩና የሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኳት። እንዲህ የወሰነ ሰው በምን ይታወቃል?

"አንዳንዱ ያለቅሳል" አለች። "አንዳንዱ ግን ከወሰነ በኋላ ረጋ ይላል። ዕቃውን ያሰናዳል፣ የሚወደውን ነገር ለሰው ይሰጣል። ለምን ጠየቅሽኝ?"

"እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁ አይደለም። ሰው ካለ ዛሬውኑ ንገሪኝ፤ አይቆይም።" እጄን ያዘችኝ። የሷ እጅ ትኩስ ነበር፣ ዓይኗም ዓይኔን አልሸሸም፤ እሷን ከልቤ አወጣሁ። ምስጢሩን ግን አሁንም ዋጥኩት። እንዴት ያለሁ ግትር ነኝ!

ከሰዓት በኋላ መምህርት ቤት ደረስኩ። በር ላይ መጽሐፎቻቸውን በካርቶን በካርቶን አስረዋል። "ውሰጂልኝ የኔ ልጅ" አሉኝ። "እኔ ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል?"  እግራቸው ሥር ወደቅኩና "እትዬ፣ በጌታ፣ አያድርጉት!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑን?"

"እሱን! የጻፉትን!"

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ማንበብ አቅቷቸው ኖሯል፤ ሌላ ነገር የለም። ነገሩ ሲገባቸው ከተቀመጡበት ተነሱ። "እኔ በግራ እጄ የጻፍኩት ዓይኔን ነው። አንቺ ግን ሰው ሊሞት መሆኑን እያወቅሽ ሜትር ይዘሽ ትዞሪያለሽ? ሦስት ቀን? አታፍሪም?"

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ማታ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ለሁሉም በየተራ ጸለይኩ። ባሌ ጎኔ ተኝቷል። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉንም ጠራሁ። ግንበኛው ከነሥራ ልብሱ፣ ነርሷ ከነጋውኗ፣ እማማ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። መምህርት ሳይስሙኝ ተቀመጡ። ባሌ ወንበር ሊጨምር ወደ ጓዳ ሄደ። ሲመለስ ወረቀቱን አውጥቼ ቆሜያለሁ።

"ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ የማፈርሰውም እኔ ነኝ" አልኩና አነበብኩት።  "ማን ነው? በጌታ ስም፣ ማን ነው?"

 ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንዱ ሌላውን ማየት ፈርቶ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ነርሷ ቀስ ብላ "ይህን የጻፈ ሰው፣ ሁሉም እያየው እኔ ነኝ ማለት ቢያቅተውስ?" አለች።

ያኔ እማማ እጃቸውን አወጡ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"እማዬ! የጻፍኩልሽ እኮ እኔ ነኝ! ስለ ጉልበትሽ ነው ያልሺኝ!"

"ዝም በይ አንቺ! እኔ ነኝ አልኩ እኮ። ነገ ማንም ከጎኔ እንዳይለይ።"

ግንበኛውም ሲሚንቶ የነካው እጁን አነሳ። "እኔም ነኝ። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ወረቀት ቢሰጡኝ ይህንኑ ነበር የምጽፈው።" መምህርት "እኔ ነኝ" አሉ። ነርሷ አነሳች፣ ዳቦ ጋጋሪዋም እያለቀሰች አነሳች። ገባኝ። ያ ሰው ብቻውን እንዳይጋለጥ መግቢያ እያበጁለት ነው። እኔም እጄን አወጣሁና መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት። እኛ ግን ሰባት ነን።

"የኔን ወረቀት ለምን ትቀሙኛላችሁ?"

ባሌ ነው። በር ላይ ቆሟል፤ ወንበሩን አላስቀመጠም።

"የኔ ነው" አለ። "አንድ ነገር ብጽፍ እሱንም ትሻሙኛላችሁ?" ቁጣው አስደነገጠኝ፤ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅማ። ግንበኛው ቀስ ብሎ ተነሳና ወንበሩን ከእጁ ተቀበለው፣ ትከሻውንም አልለቀቀም።

"አንተ?" አልኩ። 

"ቅዳሜ ልጃችን ጋ ትሄጃለሽ። አንቺ እንድታገኚኝ አልፈለግሁም።" ከዚያ ወደ ወረቀቱ አየ። "ላንቺ ደረሰሽ ማለት ነው። ጸለይሽ?"

ልዋሸው እችል ነበር። "ለሁሉም ጸለይኩ" አልኩት። "ለግንበኛው፣ ለመምህርት፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ለእማማ፣ ለነርሷ። ላንተ ግን አልጸለይኩም። አላሰብኩህም።"

"አውቃለሁ" አለ። "ጎንሽ ሆኜ እየሰማሁሽ ነበር።"

እሱን ስሰማ እሪ ብዬ አለቀስኩ፤ በሕዝብ ፊት አለቀስኩ፤ እኔ ስንቱን "እንባህን ጥረግ" ስል የኖርኩት። እጁን ያዝኩና "አልሄድም" አልኩት። "አንተን መርሳትም አይሆንልኝም፤ የፈለግከውን ጻፍ፣ እምቢ!" ነርሷ ስልኳን ይዛ ጥግ ሄዳ ነበር። "ሐኪሙ ይጠብቀናል" አለች ተመልሳ፣ "አሁን አብረን እንሄዳለን። ከዛሬ ጀምሮ ብቻህን አትሆንም፤ ተራ እንገባለን።" እማማ ወንበራቸውን ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ። ማንም ያስቀመጣቸው የለም።

"ጫማ እስካደርግ" አለ ባሌ። ቁጭ አለ፤ ግን ጫማውን አላነሳም።

"ንገረኝ" አልኩት። "እኔ ዝም እላለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ? ዝም?"

"ዝም።"

ጣቶቹን አየ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት እኔ ደንበኛ ስቀበል እሱ የሥራ ልብሱን ለብሶ ጓዳ ውስጥ የሚቀመጥባቸውን ሰዓቶች መናገር ጀመረ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ መልሼ ዋጥኩ። እስኪጨርስ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።