ዶክተር ዝም ያሰኛት መኪና

መሥሪያ ቤቴ አዲስ መኪና ሲሰጠኝ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ የቆየው ግን ከግቢው በር እስክወጣ ድረስ ነው። መኪናዋ ትጮሃለች። ቀበቶ ካላሰርኩ ትጮሃለች፣ በሩ ገርበብ ካለ ትጮሃለች፣ መስመር ከነካሁ ትጮሃለች፣ ግድግዳ ስታይ ትጮሃለች። ግድግዳውን እኮ እኔም አይቼዋለሁ! ሥራዬ በየክሊኒኩ የመድኃኒት ናሙና ማዞር ስለሆነ ካርቶኑን አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ። መኪናዋ ካርቶኑ ሰው ይመስላትና ቀበቶ ይሰር ብላ ታብዳለች። ስለዚህ በየማለዳው ካርቶን እንደ ልጅ ቀበቶ አስሬለት እጓዛለሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ከእናቴ በቀር እንዲህ የነዘነዘኝ ፍጡር የለም።

እናቴ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ነፍሷን ይማርና፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አባቴ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጣ አፏን አትዘጋም ነበር። «ከኋላህ መኪና አለ»፣ «ክላክስ እያደረገልህ ነው፣ አሳልፈው»፣ «ቀስ፣ ሞተር ሳይክል መጣ»። አባቴ ሁልጊዜ «ሰማሁ» ይላታል። እኔና ወንድሜ ከኋላ ተቀምጠን እንሳሳቅ ነበር።

አባቴ መካኒክ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን ዶክተር በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የወጣለት በካቻቢቴው ምክንያት ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ የሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፍና እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ጋር አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያች ሰዓት ጋራዡ ውስጥ የሚያወራ ሰው ወዮለት። ከዚያ ዓይኑን ይገልጥና «ሦስተኛው ፒስቶን ነው» ይላል። ሲከፈትም ሦስተኛው ይሆናል። ኮምፒውተር የደረደሩ ትልልቅ ጋራዦች ያቃታቸውን መኪና እሱ ዘንድ ጎትተው ሲያመጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናም አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ ወደ እሱ ነዳሁ።

«አባዬ፣ የዚችን አፍ ዝጋልኝ፤ ናላዬን አዞረችው» አልኩት።

ቱታውን እየቆለፈ መኪናዋን ዞሮ አያት። «ድሮ መኪና የሚጮኸው ሲታመም ነበር» አለ። «የዛሬዎቹ ጤነኛ ሆነውም ያቃስታሉ። እንደ አክስትሽ።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ዋለ፤ ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። እኔ ደጅ ሆኜ ለክሊኒኮች ስልክ እደውላለሁ። ሊመሽ ሲል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር በመዳፉ ይዞ ወጣ። «ይችውልሽ ምላሷ» አለኝ። ሞተሩን አስነሣ፣ በሩን ከፍቶ ተወው፣ እሱ ከጎን ባለው ወንበር ላይ ቀበቶ ሳያስር ተቀመጠ። «ነይ ግቢና ስሚ።»

ገባሁ። መኪናዋ እሪ ትላለች። ቲን፣ ቲን፣ ቲን፣ ቲን። በሩም ይጮሃል፣ ቀበቶውም ይጮሃል፣ ሁለቱ ተደራርበው ጆሮ ይበላሉ። አባቴ ቀልድ ይወዳል፤ ፊቱን እያየሁ መቼ ይስቅ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ሥራውን ጨርሶ እንደሚያሳይ ሰው እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«እ? እንዴት ነው?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ድምፄን ይሰማል፤ የሞተሩንም ጉርምርምታ ይሰማል። ያ ቀጭኑ ጩኸት ግን ለእሱ የለም። የሰፈሩ ዶክተር ክንዱ ሥር የሚጮኸውን አይሰማም። አንጀቴን በላኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት።

«እጅህ ይባረክ አባዬ፤ ጸጥ አለች።»

ግንባሬን ሳመኝ። እስከ ቤቴ ድረስ መኪናዋ ስትጮህ እኔ ሳለቅስ ደረስን።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው» አለኝ። እውነቱን ነው። አባቴ በየቀኑ በዚያ አሮጌ መኪናው ከከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋ ከቤት ወደ ጋራዥ ይመላለሳል፤ የሠራውን የሰው መኪናም ዋናው መንገድ ላይ አውጥቶ ይሞክራል። ካልነገርኩት ወይ ሰው ይገድላል ወይ ራሱ ይሞታል። ብነግረው ደግሞ ከመሪውም ከጋራዡም የማፈናቅለው እኔ ነኝ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ የቀረው ደግሞ ይኸው ብቻ ነው። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ነገን እየወለደ ዘጠኝ ቀን ሞላ።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መለዋወጫ ሊገዛ ሲወጣ አብሬህ ልሂድ አልኩት። መንገድ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። የእናቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ደስ ብሎታል፤ ስለ መኪና ዋጋ፣ ስለ ወንድሜ ስንፍና፣ ስለ ጎረቤቱ ዶሮዎች ያወራልኛል። እኔ ነገሩን ምላሴ ጫፍ ላይ አድርጌ አሁን ልበለው፣ አሁን ልበለው እላለሁ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ፍሬቻ አሳየ። ያኔ በቀኝ በኩል ከኋላችን የብስክሌት ደወል ሰማሁ። ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ይሰማ ይሆን፣ እስቲ ልየው ብዬ ነው። ደወሉ ደገመ። አባቴ መሪውን ማጠፍ ጀመረ። ሦስተኛው ሲደወል ብስክሌቱ መስኮቴ ሥር ደርሷል።

«አባዬ ቁም!»

ፍሬኑን ረገጠ፤ «ሰማሁ» አለ፣ ለእናቴ እንደሚላት። ግን ብስክሌቱ በሩን መትቶ ወድቋል። ሰውዬው ፖስታ አዳይ ነው፤ ደብዳቤው አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ክርኑ እየደማ ተነሥቶ፣ «ሦስቴ ስደውልልህ አትሰማም? ልትገድለኝ ነው?» ብሎ ጮኸበት። አባቴ ወረደ። አልተከራከረም። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ለቀመለት፣ የተጣመመውን የብስክሌት እጀታ በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ አቃናለት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለው። ሰውዬው በዕድሜ ልጁ የሚሆን ነው፤ ይህን ሲያይ ቁጣው በረደና «ተርፌያለሁ አባቴ፣ ይተዉት» ብሎ ሄደ።

አባቴ ተመልሶ መሪው ፊት ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሣም።

«ደውሏል?» አለኝ።

«ደውሏል።»

«ሦስቴ?»

«ሦስቴ።»

«ከመጀመሪያው ሰምተሻል?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩት።

«እናትሽ ብትሆን በመጀመሪያው ትነግረኝ ነበር» አለ።

ከዚያ ነገረኝ። ጆሮው መድከም ከጀመረ አምስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ የጠፋበት የስልኩ ጥሪ ነው፤ ቀጥሎ የወፍ ድምፅ። ለልጆቼ እንዳትነግሪ ብሎ እናቴን አስምሏት ነበር። እሷም «እንግዲያው እኔ አጠገብህ ሳልቀመጥ መሪ አትይዝም» ብላ አስማለችው። ያ እኛ ስንስቅበት የኖርነው ጭቅጭቅ ይኼ ነበር። እናቴ ነዝናዛ ናት እየተባለች ለባሏ ጆሮ ሆና ኖራ ሞተች፤ አንድም ቀን አልነገረችንም።

«ከሞተች ወዲህ መንዳቱን ልተው እያልኩ ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ እተዋለሁ እላለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያን ያህል አልከፋብኝም እላለሁ። ያቺን መኪናሽን ያመጣሽ ቀን ምንም ድምፅ አልሰማ ሲለኝ፣ ጸጥ ብላ ይሁን ጆሮዬ ይሁን አላወቅሁም። ለዚህ ነው ግቢና ስሚ ያልኩሽ።»

ያን ቀን ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ሥራውን እያሳየኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እየጠየቀኝ ነበር።

«ጸጥ አለች ስትይኝ፣ እንግዲያው ገና ነኝ አልኩ» አለኝ። «ደስ ብሎኝ ተኛሁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።»

«አባዬ፣ እንዳይከፋህ ብዬ ነው...»

«ይገባኛል የኔ እናት።» በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነው የሚያናግረኝ። «አልዘጋኋትም፣ አይደል?»

«አልዘጋሃትም።»

«አሁንም ትጮሃለች?»

«ትጮሃለች።»

«እንዴት ነው የምትለው? እስቲ አሰሚኝ።»

ወደ ጆሮው ተጠግቼ «ቲን፣ ቲን፣ ቲን» አልኩት። ለቅሶ ስለተናነቀኝ ድምፄ ጎርናና ሆኖ ነው የወጣው። ሞተር እንደሚያዳምጥ ዓይኑን ጨፈነ። «ከዚህ ይቀጥናል?» አለኝ። ብዙ ይቀጥናል አልኩት። ላቅጥነው ሞከርኩ፤ ሳቀጥነው «አሁን ጠፋኝ» አለ። ያን ጊዜ ሁለታችንም አለቀስን፤ መኪኖች በአጠገባችን ክላክስ እያደረጉ ያልፋሉ።

«አታስዘጊያት» አለኝ በመጨረሻ። «ለማንም እንዳታስዘጊያት። ትጩህብሽ።»

ከዚያ ወርዶ በፊት ለፊት ዞረና የኔን በር ከፈተ። «ወዲያ ሂጂ» አለኝ። ወደ መሪው ተዛወርኩ፤ እሱ በእናቴ ወንበር ተቀመጠ። የመለዋወጫውን ነገር ሁለታችንም አላነሣነውም። ወደ ጋራዡ መለስኩት።

ጋራዡ በር ላይ አንድ የቆየ ደንበኛው መኪናውን አቁሞ ይጠብቀዋል። «ዶክተር፣ ፍሬን ስይዝ አንዳች ነገር የሚያፏጭ ይመስለኛል፤ እስቲ ስማልኝ» አለው። አባቴ እንደ ወትሮው ከመኪናው ጎን ቆመና በእጁ ንዳ አለው። ሰውዬው ትንሽ ሄድ ብሎ ፍሬን ያዘ። ፉጨቱ ጥርስ ያፋጫል። አባቴ መኪናውን አላየም፤ ወደ እኔ ዞሮ ፊቴን ያያል።

«ያፏጫል፣ አባዬ» አልኩት።

«ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ ወደ ደንበኛው ጠጋ ብሎ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሌላ ጋራዥ በጣቱ አሳየው።