«ገብቷል» ያላት ቀን

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። ጉሮሮዋ ላይ የወጣው እብጠት የግድ መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ደግሞ ድምጿም አብሮ ይሄዳል። ለቀዶ ጥገናው የአሥራ ሁለት ቀን ቀጠሮ ሰጣት። ሃያ ስድስት ዓመት በየሠርጉ ስትዘፍን የኖረችው፣ የሰፈሩ ሰው «ደወል» እያለ የሚጠራት ሴት፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር የሐኪም ቤቱን ደረጃ ወረደች። ታክሲ ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ እሱ ዞረች።

«ያንን ማይክህን አውጣው» አለችው።

ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት፣ እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። ማይኩንም የገዛው ዘፈኖቿን እቤት ሊቀዳላት አስቦ ነበር። ዛሬ ነገ ሲባባሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አቧራ ጠጣ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መኝታ ክፍሏን ስቱዲዮ አደረጉት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ድምፁ እንዳያስተጋባ የቁም ሳጥኑን በሮች ወለል አድርጎ ከፍቶ ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ በተሰቀሉት ልብሶች ፊት አቆመው። ማቀዝቀዣውም እንዳያጓራ ከሶኬት ነቀለው።

አበሳውን ያሳየው የድምፁ ልክ ነበር። ደወል የለመደችው ትልቅ አዳራሽ ነው። በሹክሹክታ ትጀምርና ሳይታሰብ ጣራውን ታነሣዋለች። የድምፅ መጠኑን ቁልፍ ለሹክሹክታዋ ሲያስተካክለው፣ ከፍ ስትል ቀዩ መብራት ቦግ ይላል፤ ድምፁም ተሰነጣጥቆ ይገባል። ለጩኸቷ ሲያስተካክለው ደግሞ ሹክሹክታዋ ከመንገዱ የመኪና ጉምጉምታ ሥር ይሰምጣል። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ዘፈን መጀመሪያ ኃይለኛውን ቦታ ያዘፍናትና ቁልፉን መብራቱ ቢጫው ላይ እስኪቆም ይመልሰው ጀመር።

«ከፍ ስትይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በይ፣ እትዬ።»

«ዕድሜ ልኬን ወደ ፊት ነይ ሲሉኝ ኖሬ፣ አንተ ደግሞ ወደ ኋላ በይ ትለኛለህ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት።

በሰባት ቀን ስድስት ዘፈን ቀዱ። በስምንተኛው ቀን የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ለእናታቸው ራሷ የደረሰችው፣ ሰው ፊት ዘፍናው የማታውቀው። የዚያን ዕለት ድምጿ በጣም ደክሞ ነበር። ኃይለኛውን ቦታ ሞክሪው ቢላትም አልወጣላትም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ አደረገው።

«አትጨነቂ፣ ዝግ ብለሽ ዝፈኚው» አላት።

ዝግ ብላ ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ እናታቸው በር ላይ ቆማ ልጆቿን የምትጠራበት ቦታ ስትደርስ፣ የድሮው ድምጿ ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ቀዩ መብራት ቦግ አለ። እጁ ቁልፉ ላይ ነበር፤ ዝቅ ሊያደርገው፣ ወይ «ቆይ» ሊላት ይችል ነበር። ግን የሚሰማው የእናቱን ጥሪ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አለቀሰ፤ ሲገልጠው ዘፈኑ አልቋል።

«ገባ?» አለችው እያለከለከች።

ኮምፒውተሩን አየ። የድምፁ ሞገድ ከላይም ከታችም በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ቀና ብሎ ፊቷን አየ። እንደዚያ ደስ ብሏት ካያት ዘመን የለውም።

«ገብቷል፣ እትዬ። ጥርት ብሎ ገብቷል።»

በማግስቱ ቅጂውን ይዞ ስቱዲዮ ወደሚሠራ ወዳጁ ሮጠ። ወዳጁ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ዝቅ ብሎ የገባ ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ ተቆርጦ የገባ ግን አይመለስም። ድገሟት።»

ለቀዶ ጥገናው ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። ሦስቱንም ቀን ሊነግራት እየሄደ፣ የአልጋዋን ትራስ አስተካክሎ ተመለሰ። ዳግመኛ ሞክራ ቢያቅታትስ? እንዲህ ደስ እንዳላት ወደ ቀዶ ጥገናው ብትገባ አይሻልም? እያለ ራሱን አታለለ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። በሦስተኛው ሳምንት አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ደብተር በእጇ ይዛ ቤቷ ገባች። ገና አልጋው ላይ አረፍ እንዳለች ጻፈች፦ «የእማዬን አሰማኝ።»

«ኮምፒውተሩ እኮ ትንሽ...» ብሎ ጀመረ። በጣቷ ደብተሩን መታ መታ አደረገች። ዘፈኑን ከፈተላት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ የሚቀደድ ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ፊቷ ሳይለወጥ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እግሯ ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት።

ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና ጻፈች፦ «አራት ቀን ነበረኝ።»

«እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው» አለ። ለራሱም አልተዋጠለትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አንዲት ቃል አልጻፈችለትም። እሱ ግን በየቀኑ ይመጣል፤ ያልተቃጠለ አምፖል ይቀይራል፣ ያልላላ ሶኬት ያጠብቃል። እሷም ምሳውን ከድና ጠረጴዛ ላይ ትተውለትና ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ስድስቱን ዘፈኖች ለዘመድ ለጎረቤት አባዝቶ ሰጥቷል። ያገኘው ሰው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል፤ ምርቃቱ እንደ እሾህ ይወጋዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲመጣ የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። የእናታቸው ዘፈን ይሰማል። ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁልፉን ያለ ልክ ከፍ አድርጎት ስለነበር የመጀመሪያው ስንኝ ከነትንፋሿ ገብቷል፤ ከንፈሯ ሲላቀቅ ሳይቀር ይሰማል። ሁለተኛው ስንኝ ሊጀምር ሲል ዘፈኑ ቀጥ አለ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ አለ።

በሩን ገፋ አደረገው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጣቷ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። አየችው። ውጣ የምትለው መስሎት እግሩን ወደ ኋላ መለሰ። እሷ ግን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

አጠገቧ ተቀመጠ። ደብተሩን አላነሳችም። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ ቦታው ሲደርስም በጣቷ አቆመችው።