ወላጅ የሌላቸው ፋይሎች

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያዲራ ኮንሱዌግራ የዐርቡን ፎልደር ስትከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘችው። ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ባዶ። የሐሙሱን ከፈተች፤ ሞልቷል። የሰኞውንም ከፈተች፤ እሱም ሞልቷል። ወደ ዐርብ ተመለሰች። አንዲት ወረቀት የለችበትም።

ከጀርባዋ ኑቢስ የምትባል ሴት የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ጫማዋ በጎርፍ ጭቃ እንደተለወሰ ነው። ባሏ ኤደልበርቶ ፖሎ የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆን ከትናንት ጀምሮ ታስሯል።

"አገኘሽው፣ ኒኛ ያዲራ?" አለች። ኒኛ በአካባቢው ሴትን በአክብሮት መጥሪያ ነው።

"እየፈለግኩት ነው።"

"አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ። ፍርድ ቤቱ በስምንት ሰዓት ነው።"

ያዲራ በባራንኪያ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚተር ቢሮ ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቅ ሴት ናት። በወደቡ የሚያልፍ ዕቃ ወረቀት ሁሉ በቢሮው ስካን ይደረግና ይቀመጣል። ኤደልበርቶ የጫነው ለቀለም ፋብሪካ የሚሄድ አርባ በርሜል አሴቶን ነበር። አሴቶን ጥፍር ቀለም ያስለቅቃል፤ ኮኬይንም ያነጥራል። ስለዚህ በዚያ አገር ያለ ፈቃድ አሴቶን ጭኖ የተገኘ ሾፌር ቤቱ የሚገባበትን ቀን አያውቀውም። ኤደልበርቶ ፈቃዱ ነበረው። ዐርብ ቢሮው መጥቶ ፈርሞ ወሰደ፤ ቅጂውም ስካን ተደረገ። ሰኞ ጠዋት ግን ዝናብ ጣለ፣ መንገዱ እንደ ልማዱ ወንዝ ሆነ፣ መኪናው መሃል ላይ ተገተረ። ኤደልበርቶ ፈቃዱን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ እስከ ብብቱ በሚደርስ ውኃ ወጣ። ሊረዱት የመጡ ፖሊሶች "በርሜሎቹ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?" ሲሉት እጁን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። በጣቶቹ መሃል የወጣው እንደ ገንፎ የላቆጠ ወረቀት ነበር።

ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ያለው ዋና ከተማው ውስጥ ነው። ሲደወልለት፣ "ማረጋገጫ በአምስት የሥራ ቀን ይደርሳችኋል" አለ። ዳኛዋ ግን ዛሬ በስምንት ሰዓት ትሰየማለች። ዛሬ "ይታሰር" ካለች ኤደልበርቶ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወርዳል። እዚያ ደግሞ በርሜሎቹ የማን እንደሆኑ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ "አላውቅም" የሚል መልስ አይወዱም።

ያዲራ ባዶውን ፎልደር አፍጥጣ እያየች ድንገት ነገሩ ገባት።

ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዳታቤዙ ተበላሸ። እሷም እሑድ መጥታ ከሐሙስ ቅጂ መለሰችው። የዐርቡ መዝገብ ስለጠፋ ሰኞ ሠራተኞቹ ሲጨነቁ፣ "ምን ታካብዳላችሁ! የወረቀቶቹ ምስል እኮ ዳታቤዙ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ፎልደር ውስጥ ነው። መዝገቡን ከምስሉ አይተን እንደገና እንጽፈዋለን" ብላ ስቃባቸው ነበር። እውነቷን ነበር። የረሳችው አንድ ነገር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በገዛ እጇ የጻፈችው አንድ ትንሽ የጽዳት ፕሮግራም ሰኞ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። እያንዳንዱን ምስል ያያል፤ ዳታቤዙ ውስጥ መዝገብ አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለው "ወላጅ የለውም" ብሎ ያጠፋዋል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ የዐርብ ምስሎች ሁሉ ወላጅ አልነበራቸውም።

የፎልደሩ ቅጂ ደግሞ የሚወሰደው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ መብራት አልነበረም።

ወረቀቱን ያጠፋው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ እሷም ናት። ይህን በዓለም ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ኒኛ ያዲራ፣ ፊትሽ ምነው?"

"ምንም። ቁርስ ስላልበላሁ ነው።"

ስልኳን ይዛ ኮሪደር ወጣችና ዶን ኡባልዶ ጋ ደወለች። ዶን ኡባልዶ ከእሷ በፊት የቢሮውን ኮምፒውተሮች ይጠብቅ የነበረ ሽማግሌ ነው። በእሱ ዘመን የወረቀቱ ምስል ከነመዝገቡ ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። "ልጅን ከእናቱ አትነጥሉ" ይል ነበር። ያዲራ መጥታ፣ "ዳታቤዙ እኮ አብጦ ሊፈነዳ ነው፤ ቅጂውን ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጃል! ምስሉ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፣ ዳታቤዙ አድራሻውን ብቻ ይያዝ" አለች። ሁሉም ከእሷ ጋር ቆመ። ሽማግሌው በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ።

"ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ? ድምፅሽ የለቅሶ ቤት ነው" አላት።

"የዐርብ ምስሎች ጠፉ፣ ዶን ኡባልዶ። የእኔ ማጽጃ ነው ያጠፋቸው። በአንዱ ምክንያት ሰው ሊታሰር ነው።"

ይሳለቅብኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን፣ "አሁን እዚያ ዲስክ ላይ ሰው እየሠራ ነው?" አለ።

"ሁሉም እየሠሩ ነው።"

"አስቁሚያቸው! ስልኩን ወርውሪና አስቁሚያቸው! የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም። ሌላው መጥቶ ላዩ ላይ እስኪተኛበት ድረስ እዚያው ነው። መጣሁ።"

ያዲራ እየሮጠች ገባች። "ስካን የለም! ማንም ምንም እንዳይነካ!" ብላ ጮኸችና የሰርቨሩን ገመድ ነቀለች። ሠራተኛው ሁሉ ቀና አለ። የቢሮው ባለቤት ሴኞራ ሌዳ ከክፍሏ ብቅ አለች።

"ምንድን ነው ይሄ እሪታ? እሳት ነው?"

ያዲራ አፏን ከፈተች። "ዲስኩ... ዲስኩ ታሟል" አለች።

"እና አክሚው!" ብላ ሌዳ በሩን ዘጋች።

ያዲራ ዞር ስትል ኑቢስ አጠገቧ ቆማለች። የሾፌር ሚስት ናት፤ ገና ከደጅ ሲገባ ባሏ ምን እንደደበቀ ከአረማመዱ የምታውቅ ሴት።

"ዲስኩ አይደለም አይደል?" አለች ኑቢስ በቀስታ።

"አይደለም።" ያዲራ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። "የባልሽን ወረቀት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዐውቄ አይደለም። ግን እኔ ነኝ።"

ኑቢስ አንድ እርምጃ ቀረበቻት። ትመታኛለች ብላ ያዲራ ትከሻዋን ሰበሰበች።

"ትልቁ እስር ቤት ከወረደ አለቅስብሻለሁ" አለች ኑቢስ። "አሁን ጊዜ የለኝም። ምን ልሥራ?"

ዶን ኡባልዶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ላቡን እያንጠባጠበ ደረሰ። "ይህች መንገድ ዘንድሮ ዓሣ ታረባለች" አለ። ማንም አልሳቀለትም። ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያያዙትና የጠፋውን የሚያስስ ፕሮግራም ለቀቁበት። ሰኞ ሙሉ ቀን ስካን ሲደረግ ስለዋለ፣ ከዐርብ ምስሎች ስንቱ ላይ ሌላ እንደተኛበት አይታወቅም። ያዲራ በስክሪኑ ላይ የሚያድገውን ቁጥር እያየች ጥፍሯን በላች። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ስድስት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ቆመ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ምስል አውጥቷል። ስም ያለው ግን አንድም የለም። ስሙ፣ ደንበኛው፣ የመኪናው ታርጋ፣ ሁሉም የነበረው በጠፋው መዝገብ ውስጥ ነው።

"በዓይን ነው እንግዲህ" አለ ዶን ኡባልዶ። ሦስት ስክሪን ዘረጉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ያህል ወሰዱ።

ግማሹ ምስል ግራጫ ብቻ ነበር። አንዳንዱ ከላይ ጽሑፍ ይጀምርና መሃሉ ላይ እንደ ተቃጠለ ጨርቅ ይቋረጣል። የሙዝ፣ የጎማ፣ የበሬ ቆዳ፣ የመስተዋት ወረቀት ያልፋል። ያዲራ ባለፈች ቁጥር "አሳለፍኩት ይሆን?" እያለች ወደ ኋላ ትመለሳለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ውጭ እንደገና ሲያጉረመርም ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ዝናብ ከጣለ ፍርድ ቤቱም ባሕር ማዶ ማለት ነው።

"ቁም!" አለች ኑቢስ ስክሪኑን። ከዚያም ጮኸች። "የሱ ነው! ይሄ የሱ ፊርማ ነው! እንደ ልማዱ ጎን ላይ የፈረመውን እዩ! ፊርማው ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስቄበታለሁ!"

ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። የፈቃዱ ቁጥር አለ። አርባ በርሜል ይላል። የኤደልበርቶ ስም አለ። ከዚያ በታች ግን ሲሶው ግራጫ ነው። የቀኑ ማኅተም የነበረው እዚያ ነው።

ኑቢስ ከስክሪኑ ራቀች። "ቀን ከሌለውማ ያምና ነው ይሉታል።"

ዶን ኡባልዶ ጺሙን እያሻሸ ወደ ያዲራ ዞረ። "ማጽጃሽ ያጠፋውን ነገር ይጽፋል?"

ያዲራ ወዲያው ገባት። ጥያቄው ከምን አፋፍ ላይ እንዳቆማትም ገባት። ፕሮግራሙ የሚያጠፋውን እያንዳንዱን ምስል በዝርዝር ይጽፋል፤ መቼ ስካን እንደተደረገ፣ መጠኑ ስንት እንደነበረ፣ መቼ እንዳጠፋው። ከላይ ደግሞ የሠራው ሰው ስም አለ፤ ያዲራ ኮንሱዌግራ። ዝርዝሩን ከፍታ የምስሉን መጠን ፈለገች። አንድ ምስል ብቻ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ገጠመ። ዐርብ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ስካን ተደረገ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጠፋ።

ሁለቱንም አተመች፤ ፈቃዱንም፣ ጥፋቷንም።

ፍርድ ቤት ሲደርሱ ለስምንት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ኤደልበርቶ እጁ ታስሮ፣ ሸሚዙ አሁንም ጭቃ ለብሶ ተቀምጧል። ኑቢስን ሲያያት ቀና አለ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ "ክብርት ዳኛ፣ ይህ ግማሽ ምስል ነው። ቀን የለው፣ መዝገብ የለው። ትናንት ማታ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል" አለ።

ተከላካይ ጠበቃው ያዲራን ጠራት። ተነሥታ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ማለች።

"መዝገቡ ለምን የለም?" አለች ዳኛዋ።

"እሑድ ዳታቤዙን ወደ ሐሙስ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ። ምስሉን ያጠፋው ፕሮግራም የእኔ ነው። ማስቆም ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ይኸው ስሜ ከላይ አለ። ቀኑና ሰዓቱም አለ።"

"ይህን ቀጣሪሽ ያውቃል?"

"አያውቁም። ዛሬ ጠዋት ዋሽቻቸዋለሁ።"

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አንድ በአንድ እያስኬደች አነበበች።

"ሰው ለባልንጀራው ብሎ ይዋሻል" አለች ዳኛዋ በመጨረሻ። "በራሱ ላይ ሲዋሽ ግን አላየሁም። መኪናውና በርሜሎቹ ማረጋገጫው እስኪመጣ ይቆዩ። ሰውየው ይፈታ።"

ኑቢስ ባሏን አቅፋ፣ ወዲያው ትከሻውን በቡጢ ደቃችው። "ፕላስቲክ የለም እቤት? ወረቀትህን ፕላስቲክ ውስጥ አታስገባም?" እያለች ታለቅሳለች። ያዲራን አላመሰገነቻትም። ሲወጡ ግን ዞር ብላ እጇን ያዘቻት፤ ትንሽ ይዛው ቆየችና ለቀቀችው።

ማረጋገጫው ሰኞ ደረሰ፤ ፈቃዱ ትክክለኛ ነበር። ያዲራ ግን ሰኞን አልጠበቀችም። ረቡዕ ጠዋት ሌዳ ክፍል ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ሌዳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ከዐርቡ ያልተገኘው ስንት ነው?"

"ሦስት መቶ ገደማ።"

"አላባርርሽም። ከአንቺ ሌላ ይህን ቤት የሚያውቀው ኡባልዶ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተመለሰ ሲያሾፍ ይውላል። ማጽጃሽ ከዛሬ ጀምሮ ምንም አያጠፋም፤ ለይቶ ያስቀምጥ፣ ሰው ይየው። መዝገብና ምስል ደግሞ ቅጂያቸው አብሮ ይውጣ።" ስልኩን ወደ ያዲራ ገፋችው። "ደንበኞቹ ጋ የምትደውይው ግን አንቺ ነሽ። አንድ በአንድ።"

ያዲራ ሠራተኞቹ ዐርብ የመጡ ደንበኞችን እያስታወሱ የሞሉላትን የስልክ ዝርዝር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የመጀመሪያውን ቁጥር መታች። አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ "አቤት!" አላት።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ያዲራ ኮንሱዌግራ እባላለሁ" አለች። "ስለ ዐርብ ወረቀትዎ ነበር የደወልኩት።"